ትክክለኛው ገዢ እንዲደውልልዎ፦ ቤት ለሚያሻሽጡ የማኅበራዊ ሚዲያ መመሪያ

በቀን ሃያ ቤት ቴሌግራም ላይ ይለጥፋሉ፤ የሚደውልልዎ ግን ሌላ ደላላ ነው። ቲክቶክ ላይ ያወጡትን ቪዲዮ ብዙ ሰው ያየዋል፤ ከሥሩ የሚጻፈው ግን «ስንት ነው?» የሚል ብቻ ነው፤ ዋጋውን ሲናገሩ ጠያቂው ይጠፋል። በአዲስ አበባ በግልም ሆነ በሪል ስቴት ድርጅት ውስጥ ቤት የሚያሻሽጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ችግር ይህ ነው። ይህ መመሪያም የተዘጋጀው ለእነሱ ነው።

ቤት የሚገዛ ሰው የብዙ ዓመት ጥሪቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ከዋጋው ይልቅ የሚያስፈራው ገንዘቡን መበላቱ ነው። ካርታው የውሸት ቢሆንስ፣ ቤቱ ባንክ የያዘው ቢሆንስ፣ ቀብድ ከተቀበለ በኋላ ሻጩ ቢሰወርስ እያለ ያስባል። ስለዚህ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚሠሩት ሁሉ አንድ ዓላማ ይኑረው፦ ገዢው ስልክ ከማንሳቱ በፊት የሚጨነቅበትን ጥያቄ ቀድሞ መመለስ። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይሂዱባቸው፤ በተለይ ሁለተኛውን ዘለው ወደ ካሜራው አይቸኩሉ።

ለመጀመር ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ፣ በራስዎ ስም የተመዘገበ ሲም ካርድ፣ ሜትር እና ማስታወሻ ደብተር ይበቃል።

1. አንድ አካባቢና አንድ የቤት ዓይነት ይምረጡ

ዛሬ የቦሌ ቪላ፣ ነገ የኮዬ ፈጬ ስቱዲዮ፣ ከነገ ወዲያ የሚሸጥ መኪና የሚወጣበት ገጽ የማንም ገጽ አይሆንም። አያት ቤት የሚፈልግ ሰው ጀሞን አይፈልግም፤ ሦስት ጊዜ የማይመለከተውን ነገር ካየ ማሳወቂያውን ይዘጋዋል፣ ወይም ከቻናሉ ይወጣል።

«የሰሚትና የአያት ኮንዶሚኒየም»፣ «በገርጂ የሚከራይ ቤት»፣ «በለቡ ጂ+1 እና ጂ+2» በሚል ልክ ጠበብ ያድርጉት። ጠበብ ሲል አካባቢውን በጥልቀት የማወቅ ዕድል ያገኛሉ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የትኛው ብሎክ ታንከር እንዳለው፣ ክረምት ላይ የትኛው መግቢያ ጭቃ እንደሚሆን፣ ታክሲው የት እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው ከመቶ ፎቶ በላይ ይታመናል። የገጹ ስም ውስጥም የአካባቢው ስም ይግባ፤ ሰው ሲፈልግ የሚጽፈው «ሰሚት» ወይም «ጀሞ» ብሎ ነው እንጂ የእርስዎን የንግድ ስም አያውቀውም። ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛ ፊደልም ያስቀምጡት።

በድርጅት ተቀጥረው የሚሸጡ ከሆነ አንድ ነገር አስቀድመው ይነጋገሩ፦ ገጹ የማን ነው? በድርጅቱ ስምና አርማ የከፈቱትን ገጽ ሥራ ሲለቁ ይዘው ሊሄዱ አይችሉም። ከዓመታት ልፋት በኋላ ከመጣላት ዛሬ መግባባት ይሻላል።

2. ቤቱን ሳያጣሩ አይለጥፉ

አብዛኛው ደላላ ቤቱን የሚያውቀው ከሌላ ደላላ ነው፤ ያም ከሌላው ሰምቶ ነው። ያልታየ ቤት፣ ያልታየ ካርታና የተለያየ ዋጋ በአሥር ቻናል ላይ የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው። እርስዎ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ገጽዎ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚከተሉትን ባለቤቱን በአካል አግኝተው ይጠይቁ፤ መልሱንም ደብተርዎ ላይ ይጻፉ።

ካርታው በማን ስም ነው? የሚያነጋግርዎ ሰው ባለቤቱ ነው ወይስ ወኪል? ወኪል ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ መጥቀስ አለበት፤ ጉዳይ ለማስፈጸም ብቻ በተሰጠ ጠቅላላ ውክልና ቤት አይሸጥም። ውክልናው አለመሻሩንም ያረጋግጡ።

ሻጩ ያገባ ነው? በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የባልና የሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠው ሁለቱም ሲስማሙ ነው። ባልየው ተደራድሮ፣ ገዢው ቀብድ ከፍሎ፣ ሚስትየዋ «አልፈርምም» ያለችበት ቀን የእርስዎም ስም አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ ሁለቱንም ያነጋግሩ።

ዕዳና ዕገዳ አለበት? ባለቤቱ በክፍለ ከተማው የይዞታ ጽሕፈት ቤት አጣርቶ ማስረጃ እንዲያመጣ ይጠይቁ። የባንክ ብድር ያለበት ቤት አይሸጥም ማለት አይደለም፤ ግን ገዢው ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት።

ይዞታው ሊዝ ነው ወይስ ነባር? ሊዝ ከሆነ ምን ያህል ቀሪ ክፍያ አለበት? ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ውል ከተፈረመ ስንት ዓመት ሆነው? በ20/80 ዕጣ የተላለፈ ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላው በሽያጭ አይተላለፍም። «በውክልና ይያዝልዎታል» እያሉ የሚያሻሽጡ አሉ። እንዲህ ያለውን ቤት አይንኩት። ነገ ሻጩ ውክልናውን ቢሽር ገዢው የሚይዘው ነገር የለም፤ የሚያውቀው የእርስዎን ስልክ ብቻ ነው።

በግንባታ ላይ ያለ አፓርታማ ከሆነ የካሬውን ነገር በደንብ ይጠይቁ። ብዙ አልሚዎች የሚሸጡት በግሮስ ካሬ ነው፤ ኮሪደሩና ደረጃው ከነድርሻው ተደምሮ ማለት ነው። ገዢው 120 ካሬ ብሎ የገዛው ቤት ውስጥ ገብቶ ሲለካው ያንሳል። ኔቱንም ግሮሱንም ይወቁ፤ ሁለቱንም ይጻፉ። የተሠራ ቤት ከሆነ ሜትርዎን አውጥተው ሳሎኑንና መኝታ ቤቶቹን ራስዎ ይለኩ።

በመጨረሻ ባለቤቱ ቤቱን በዚህ ዋጋ እንዲያወጡለት መስማማቱን በጽሑፍ ይያዙ። አጭር የቴሌግራም መልእክትም ቢሆን ይጠቅማል። አለበለዚያ ደንበኛ ይዘው በር ላይ ሲደርሱ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ይባላሉ።

ይህ ሁሉ ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ስልክ ላይ የሚወጣ ማስታወቂያም ማስታወቂያ ነው።

3. መደብዎን ይምረጡ፣ በሩንም ይቆልፉ

አምስት ቦታ ላይ ግማሽ በግማሽ ከመሥራት ሁለት ቦታ ላይ በደንብ መሥራት ይሻላል። የእኔ ምክር ቴሌግራም መጋዘን፣ ቲክቶክ ወይም ፌስቡክ ደግሞ በር እንዲሆን ነው። አዲስ ሰው በቲክቶክ ያይዎታል፤ ቤቶቹን በሙሉ ዝርዝር የሚያገኛቸው ግን ቴሌግራም ቻናልዎ ላይ ነው።

ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ይክፈቱ። ግሩፕ ውስጥ ማንም ሰው ይለጥፋል፤ በሳምንት ውስጥ የሌሎች ደላሎች ሰሌዳ ይሆናል። ቻናል ላይ የሚጽፉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ሰው ወደ ወዳጁ ሲያስተላልፈውም የቻናልዎ ስም አብሮ ይሄዳል። ከላይ የሚሰካው መልእክት ማን እንደሆኑ፣ የት አካባቢ እንደሚሠሩ፣ የንግድ ፈቃድዎን፣ የኮሚሽንዎን መጠንና ከማን እንደሚቀበሉ በግልጽ ይናገር። ኮሚሽኑን መደበቅ ለምን እንደተለመደ አይገባኝም። ገዢው መክፈሉን ያውቃል፤ የሚያናድደው መጨረሻ ላይ ሲነገረው ነው።

በእያንዳንዱ ቤት ሥር መለያ ቃል ያስገቡ፦ #ሰሚት #ሁለት_መኝታ #ኪራይ። ሰው መለያውን ሲነካው ተመሳሳዮቹ ብቻ ይወጡለታል።

አሁን ወደ ቁልፉ። በቴሌግራም ቅንብር ውስጥ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ዛሬውኑ ያብሩት። በአጭር መልእክት የመጣልዎትን ኮድ «እኔ ነኝ፣ ላክልኝ» ለሚል ለማንም አይስጡ፤ በወዳጅዎ ስም ቢመጣም። ቻናሉ ከተሰረቀ ሌባው በእርስዎ ስም ቀብድ ይሰበስባል።

4. ቤቱን ገዢው ቆሞ እንደሚያየው ይቅረጹት

ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ብርሃን፣ መጋረጃ ተከፍቶ፣ ልብስና ዕቃ ተነሥቶ ይቅረጹ። ቴሌግራም በአንድ ጊዜ እስከ 10 ፎቶና ቪዲዮ በአንድነት ይቀበላል፤ ቅደም ተከተሉ ሰው ቤት ሲገባ የሚሄድበት ይሁን። መንገዱ፣ በሩ፣ ሳሎኑ፣ ኩሽናው፣ መኝታ ቤቶቹ፣ መታጠቢያው፣ ሰርቪሱ፣ የውሃ ታንከሩ።

መንገዱን የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ገዢው መጥቶ ኮብልስቶኑ ሁለት መቶ ሜትር ቀድሞ ማለቁን ካየ በኋላ ቤቱን በቀና ዓይን አያየውም። ስንጥቅና እርጥበት ያለበት ግድግዳም ካለ ያሳዩት። ጉድለቱን አስቀድሞ ያየ ሰው ለማየት ሲመጣ አስቦበት ነው፤ የእርስዎም የታክሲና የነዳጅ ወጪ ይቀንሳል።

ለቲክቶክ ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ ቪዲዮ ስልኩን ቀጥ አድርገው ይያዙና ይቅረጹ። የመጀመሪያው ቃል ሰላምታ አይሁን፤ «ሰሚት፣ ሁለት መኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ዋጋው ይህን ያህል» ብለው ይግቡ። ቁጥሮቹን በጽሑፍም ስክሪኑ ላይ ያስፍሩ፤ በታክሲ ውስጥ ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ብዙ ነው። ሙዚቃ አያስፈልግም፤ ድምፅዎ ይሰማ፣ ከተቻለም ፊትዎ ይታይ። ሰው ገንዘቡን የሚሰጠው ለሰው ነው።

ሦስት ነገር አይቅረጹ፦ ካርታውን፣ የተከራዩን ልጆችና የግል ዕቃ፣ የግቢውን መቆለፊያና ካሜራ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው ስምና ሰነድ ያለ ፈቃዱ ማውጣት ሊያስጠይቅ ይችላል። ካርታ ፎቶው ከወጣ ደግሞ ለአጭበርባሪ የተዘጋጀ ዕቃ ነው። ሰነዱን ለቁርጠኛ ገዢ በአካል ያሳዩ።

5. ጽሑፉን ሙሉ አድርገው ይጻፉ

በብዛት የሚታየው እንዲህ ነው፦

«አስቸኳይ!!! የሚሸጥ ምርጥ ቤት ሰሚት። ለኑሮ ምቹ። ዋጋ በኢንቦክስ።»

ይህን ያነበበ ሰው ምንም አላወቀም። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት ደንበኛ አያመጣም፤ አቅሙ የማይደርስ መቶ ሰው ጠይቆ ጊዜዎን ይበላል፤ አቅሙ ያለው ሥራ የበዛበት ሰው ግን ዋጋ ወደተጻፈበት ያልፋል። አሁን ይህን ይመልከቱ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው።

«የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም፣ ሰሚት። ባለ ሁለት መኝታ፣ 58 ካሬ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ካርታ ያለው፣ ዕዳና ዕገዳ የሌለበት፤ አምስት ዓመቱን የጨረሰ። ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል፣ የጋራ ታንከር አለው። ከዋናው መንገድ በእግር 6 ደቂቃ። ኩሽናው እድሳት ይፈልጋል። ባለቤቱ የጠየቁት 8,500,000 ብር፣ ለድርድር ክፍት። የስም ማዛወሪያ ወጪ ከዋጋው ውጭ ነው። ዋጋው የተረጋገጠበት ቀን፦ ኅዳር 10። ለማየት ቅዳሜና እሑድ። የቤት ቁጥር፦ ሰ-14።»

የቤት ቁጥሩ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን «ያቺ ነጭ ሳሎን ያላት» ከሚል ደዋይ ጋር ከመጨቃጨቅ ያድናል። ቀኑም እንዲሁ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ ሻጮች ዋጋቸውን ቶሎ ቶሎ ይቀያይራሉ፤ ቀን የሌለው ዋጋ ጠብ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ለባለቤቱ ደውለው ዋጋውን ያረጋግጡና የቻናሉን ጽሑፍ ያስተካክሉ። ከፎቶ ጋር የሚሄደው ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ ከ1,024 ፊደል እንደማያልፍም ያስታውሱ፤ ለቅጽል የሚሆን ቦታ የለም፤ «ምርጥ»፣ «ልዩ»፣ «አስገራሚ» የሚሉትን ቃላት ሰርዘው የውሃውን ነገር ይጻፉ።

ኪራይ የሚያስተዋውቁ ከሆነ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ያንብቡ። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ ውሉ በመርሕ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ መመዝገብም አለበት። «የስድስት ወር ቅድሚያ» ብሎ ማስታወቂያ ማውጣት ሕግ መጣስዎን በገዛ እጅዎ ጽፎ መለጠፍ ነው። አከራዩ አሻፈረኝ ካለ ሌላ ቤት ይፈልጉ።

6. ውጭ ያለውን ወገን በሰዓቱና በቦታው ያግኙ

ብዙ ቤት የሚገዛው ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ ነው፤ ግን ዋሽንግተን ያለና ሪያድ ያለች ገዢ አንድ ዓይነት አይደሉም።

ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እዚያ የምሽት ዕረፍት ሲሆን እዚህ ሌሊት ነው። ስለዚህ በቴሌግራም ቀጠሮ ማስያዣ ተጠቅመው ጽሑፉ በሌሊት እንዲወጣ ያድርጉ፤ ለቀጥታ ጉብኝት ግን እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ይመቻል፤ እዚያ ቀትር አልፏል። ለእነዚህ ገዢዎች ረዘም ያለ የዩቲዩብ ጉብኝት ይሠራል፤ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ሰፈሩን፣ ሱቁን፣ ትምህርት ቤቱን ማየት ይፈልጋሉ። የሌላ አገር ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት በቢጫ ካርድ ቤት ባለቤት መሆን ይችላሉ፤ ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው ስላለ በአንድ አጭር ቪዲዮ ያስረዱት። ውክልና የሚልኩ ከሆነም መንገዱን ደረጃ በደረጃ ይንገሯቸው፦ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይፈረማል፣ አዲስ አበባ ላይ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። ይህን በግልጽ ያስረዳ አሻሻጭ ቤት ሳያሳይም ደንበኛ ያገኛል።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሌላ ናቸው። ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ሰዓት ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል። በቤት ሠራተኝነት ያሉ እህቶቻችን ስልክ የሚያነሡት ሥራ ጨርሰው ማታ ነው፤ የሚያወሩትም በኢሞና በዋትስአፕ ነው። ረጅም ጽሑፍ ከመላክ በድምፅ መልእክት ረጋ ብለው ያስረዷቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እጠይቅዎታለሁ። ከዓረብ አገር ገንዘብ የምትልክ ሴት ቤቱ በወንድም ወይም በአጎት ስም ተገዝቶ ስትመለስ በር የሚዘጋባት ጊዜ አለ። ሽያጩን ሲያካሂዱ ገዢዋን ራሷን በቪዲዮ ያግኟት፤ ውሉና ካርታው በማን ስም እንደሚሆን ከአፏ ይስሙ፤ በራሷ ስም እንዲገዛላት የሚያስችል ውክልና እንዴት እንደምትልክም ያስረዷት። ኮሚሽንዎ አይቀንስም።

ክፍያው በባንክ ይምጣ። «ዶላሩን እዚያ ለወንድሜ ስጡት» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት አይግቡበት፤ ሕገ ወጥ ነው፤ ጠብ ቢነሣም ገዢው የከፈለበትን ማስረጃ አያገኝም።

7. ለጠየቀ ሰው ቶሎና በአግባቡ ይመልሱ

ጠያቂ በአንድ ጊዜ ለአምስት ደላላ ነው የሚጽፈው፤ ቀድሞ በቁም ነገር የመለሰው ይዞት ይሄዳል። ዋትስአፕ ቢዝነስ የተዘጋጀ አጭር መልስና የደንበኛ መለያ ስላለው ይጠቀሙበት፦ «አይቶ የወደደ»፣ «ብድር የሚጠብቅ»፣ «ከውጭ»። ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚልኩት የዋትስአፕ መልእክት የሚደርሰው ቁጥርዎን ስልኩ ላይ ለመዘገበ ብቻ ስለሆነ፣ «ቁጥሬን ይመዝግቡት» ማለትን አይርሱ።

ለእያንዳንዱ ጠያቂ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ በጀትዎ ስንት ነው? ክፍያው በእጅ ነው ወይስ በብድር? መቼ መግባት ይፈልጋሉ? መልሱ ከቤቱ ጋር ካልገጠመ በቀጥታ ይንገሩት፤ የሚገጥመው ሲመጣ እንደሚደውሉለት ቃል ይግቡና ይደውሉለት። በአደባባይ አስተያየት መስጫ ላይ የሚጻፍ ስድብና «ሌባ ደላላ» የሚል ቃል ሲመጣ አይመልሱ፣ አይሳደቡ፤ እውነተኛ ጥያቄ ካለው ግን ለሁሉም በሚታይ ቦታ በትሕትና ይመልሱ።

8. ቀብድን ከስልክ ያርቁ

ፎቶዎ ይሰረቃል፤ ይህን ማስቀረት አይቻልም። ሌባው ፎቶውን በሌላ ገጽ አውጥቶ ዋጋውን ዝቅ ያደርግና «ብዙ ሰው ይፈልገዋል፣ በቴሌብር ቀብድ ላክና ላስይዝልህ» ይላል። መከላከያው ሁለት ነው። በፎቶው መሐል ላይ የቻናልዎን ስም በደብዛዛ ፊደል ያትሙ፤ ጥግ ላይ ያለው ይቆረጣል። ከዚያ በላይ የሚረዳው «ቤቱን በአካል ሳያዩ፣ ካርታውን ከባለቤቱ መታወቂያ ጋር ሳያመሳክሩ ለማንም፣ ለእኔም ቢሆን፣ ቀብድ አይክፈሉ» የሚለውን ሳምንት በሳምንት መለጠፍ ነው።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። ገዢና ሻጭን እስከ ሰነዶች ማረጋገጫ ድረስ አብረው ያድርሱ። ቤቱ ሲሸጥ ጽሑፉን አያጥፉት፤ ከላይ «ተሽጧል» ብለው ይጻፉበትና ይቆይ። አዲስ ሰው ቻናልዎን ወደ ላይ እየሳበ ሲያይ የሠሩትን ሥራ ያያል። የገዢውን ፎቶና ስም ግን ፈቃዱን ሳይጠይቁ አያውጡ።

9. ቆጥረው ይወስኑ

ላይክ አይቁጠሩ። ለሚደውል ሁሉ «ቤቱን የት አዩት?» ብለው ይጠይቁና ደብተርዎ ላይ አራት ዓምድ ያድርጉ፦ ከየት መጣ፣ ቤት ለማየት መጣ ወይ፣ ዋጋ አቀረበ ወይ፣ ፈረመ ወይ። በገንዘብ ማስታወቂያ ለማስፋፋት ከማሰብዎ በፊት ይህ ደብተር ቢያንስ ሦስት ወር ይሙላ። ፌስቡክ ላይ ቦስት ለማድረግ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ በሌላ ሰው በኩል የሚያስደርጉ ከሆነ የገጽዎን የይለፍ ቃል አይስጡ፤ የማስታወቂያ ፈቃድ ብቻ ይስጡት፤ ሥራው ሲያልቅም ያንሡት። ለቦስት የሚመርጡት ቤት ደግሞ ሰው ለማየት መምጣት የጀመረበት ቤት ይሁን፤ ማንም ያልጠየቀውን ቤት በገንዘብ መግፋት ብሩን ይጨርሳል።

ሦስቱ ወር ሲያልቅ «ቤት ለማየት መጣ ወይ» የሚለውን ዓምድ ይመልከቱ። አንድም ሰው ወደ ቤት ያላመጣውን መደብ ይተዉትና ያንን ሰዓት ቤት ለማጣራት ይጠቀሙበት።